«ያመነጫል» ወይስ «ያስመነጫል»?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ጽሁፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ «ኤፍኤስኤች ኦቫሪ ውስጥ ኤስትሮጅን ያመነጫል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ያስመነጫል» ነው ትላለች፣ ልዩነት አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው፣ ጓደኛዎ ልክ ነች። ኤፍኤስኤች ራሱ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን አይሰራም፣ አንጎል ስር ካለችው ፒቱታሪ እጢ ወጥቶ በደም ኦቫሪ (የሴቷ እንቁላል የሚያድግበት አካል) ጋ የሚደርስ መልእክተኛ ሆርሞን ነው፣ የሚሰሩት የኦቫሪ ሴሎች ናቸው። አማርኛ ደግሞ ለዚህ «አስ» የምትባል ነገር አለችው፣ አመነጨ ሰሪው ነው፣ አስመነጨ ያሰራው ነው። በንግግር ጊዜ ቤት ያሰራውንም ሰው «ቤት ሰራ» እንለዋለን፣ እሱ ችግር የለውም ምክንያቱም ግንበኛ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ስለ ሆርሞን የሚያነበው ሰው ግን ሰሪውን ከአሰሪው የሚለይበት ሌላ ነገር የለውም፣ ያለው ያቺ ግስ ብቻ ነች።

ወደ ሴሎቹ ሲወርዱ ደግሞ «ያመነጫል» ብቻውን አይበቃም። እንቁላሏን የከበበው ፎሊክል ላይ ከውጪ በኩል ቴካ ሴሎች አሉ፣ እነሱ ኤልኤች የሚባለው ሌላው የፒቱታሪ ሆርሞን ሲያዛቸው ከኮሌስትሮል አንድሮጅን (የወንድ ሆርሞን የሚባለውን) ይሰራሉ፣ ከውስጥ በኩል ያሉት ግራኑሎሳ ሴሎች ግን አንድሮጅን ከባዶ ተነስተው መስራት አይችሉም፣ ከቴካ የመጣላቸውን ተቀብለው አሮማቴዝ በሚባል ኤንዛይም 19 ካርበን የነበረውን 18 አድርገው ኤስትሮጅን ያደርጉታል። የኤፍኤስኤች ስራ እዚህ ጋ ነው፣ አሮማቴዙን ያስጨምራል። ስለዚህ እኔ ብሆን ቴካ «ይሰራል»፣ ግራኑሎሳ «ይለውጣል»፣ ኤፍኤስኤች «ያስለውጣል» እላለሁ፣ «ያመነጫል»ን ለኦቫሪ በሙሉ እተወዋለሁ። ቃሉ ከ«ምንጭ» ጋር አንድ ስር ስላለው መስራቱንም ወደ ደም መፍሰሱንም አንድ ላይ ይይዛል፣ ለሆርሞን እንዴት እንደሚስማማ ይዩት፣ «ያመርታል» መፍሰሱን አይነግርዎትም።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች፣ ኤስትሮጅን፣ ኢንሱሊን፣ ሆርሞን ሁሉም በ«ን» ነው የሚያልቁት፣ ተሳቢ ይመስላሉ። «ኤስትሮጅን ኤፍኤስኤች ይቀንሳል» ብለው ቢጽፉ ማን ማንን ነው የቀነሰው? ቀነሰ ራሱ በሁለት በኩል የሚሄድ ግስ ነው፣ «ዋጋው ቀነሰ» ይባላል «ዋጋውን ቀነሰ»ም ይባላል። እዚህ ጋ «ን»ዋን አይቆጥቡ፣ «ኤስትሮጅን ኤፍኤስኤችን ይቀንሳል» ይበሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውም ይሄ ነው፣ ኤስትሮጅን ሲበዛ ተመልሶ ፒቱታሪን ዝም ያሰኛታል። እንቁላል ሊወጣ ሲል ግን ይገለበጣል፣ ኤስትሮጅን ከፍ ብሎ 2 ቀን ገደማ ከቆየ ኤልኤችን በአንዴ ያስለቅቃል፣ ያኔ «ይቀንሳል» የሚለውን አውጥተው «ያስለቅቃል» ያስገቡ።