ነጥብና መስመር፦ ለድሬዳዋ የፋርማሲና የሒሳብ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ኬሚስትሪ ማስተማር ትቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም፣ የመድኃኒትን ጠባይ በግራፍ ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ነጥቦችን በመስመር አገናኝቶ በሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ፣ ለመተንበይ የምትሞክሩ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ከዚራ ሰፈር ድረስ ትመጣላችሁ። ኮምፒውተሩ የሞለኪውሉን ቅርጽ የሚለካውን ቁጥር በቅጽበት ያወጣላችኋል፤ ከየት እንደመጣ ስጠይቃችሁ ግን አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ በእርሳስ ቁጠሩ።

ሃይድሮጅንን ትታችሁ እያንዳንዱን አቶም ነጥብ፣ እያንዳንዱን ትስስር መስመር አድርጉ። ሃሪ ዊነር በ1947 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መለኪያ በየሁለቱ ካርቦኖች መካከል ያለውን አጭር መንገድ በመስመር ብዛት ቆጥሮ የሚደምር ነው። አምስት ካርቦን ያለውን ፔንታን ውሰዱ፤ ካርቦኖቹ እንደ ባቡራችን ፉርጎዎች በአንድ ረድፍ ሲቀጣጠሉ ድምሩ 20፣ አንዱ ወደ ጎን ሲወጣ 18፣ አራቱ አንዱን ሲከቡት ደግሞ 16 ይሆናል። የሚፈሉበት ሙቀትም በዚያው ቅደም ተከተል ወደ 36፣ 28 እና 9.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ የተዘረጋው ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበት ገጽ ስለሚሰፋ መሳሳቡ ይጠነክራልና። ባለ 28ቱ በድሬ ቀትር ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ ይፈላል፤ ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ቀመሩን አይረሳም።

መድኃኒት ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይከብዳል። አስፕሪን 13 ነጥብና 13 መስመር አለው፤ ከነጥቦቹ አራቱ ኦክስጅን ሆነው ሳለ፣ ተራው ግራፍ ሁሉንም እንደ ካርቦን ይቆጥራቸዋል። ከዚህም የሚብሰው፣ አሥር መድኃኒት ሰብስቦ መለኪያው ከሚፈሉበት ሙቀት ጋር ገጠመ ብሎ መደሰት ነው። ሞለኪውል ሲተልቅ የዊነር ድምርም የመፍላት ሙቀትም አብረው ስለሚያድጉ፣ መጀመሪያ በሞለኪውሉ ክብደት ብቻ ሞክሩና ግራፉ በዚያ ላይ የጨመረው ነገር መኖሩን እዩ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ስምንት ውህዶችን በአራት መለኪያ አግጥሜ ስፈነድቅ፣ ዘጠነኛው ሲጨመር ትንበያዬ ገደል ገብቷል። ከዚያ ወዲህ አንዱን ውህድ ከስሌቱ ደብቄ በእሱ ሳልፈትን ቀመር አላምንም፤ ግትር ብትሉኝም ግድ የለኝም።

ኢቡፕሮፌንን ደግሞ ተመልከቱ። እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅርጾች አሉት፤ ሕመም የሚያስታግሰው በዋናነት አንዱ ሲሆን፣ በነጥብና መስመር ግን ሁለቱ አንድ ሥዕል፣ አንድ ድምር ናቸው። ይህን የጥናቱ ውሱንነት በሚለው ክፍል በግልጽ ሳትጽፉ ጽሑፋችሁን ይዛችሁልኝ አትምጡ።