«እኔ» ጾታ የለውም፦ ስለ ትራንስጀንደር ሴቶች ግለ ታሪክ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በየወሩ የምንገናኝ አንባቢዎች ባለፈው ቅዳሜ የተወያየነው ስለ ትራንስጀንደር ሴቶች ግለ ታሪኮች ነበር። ጠያቂዎች ስማቸውን ሳይገልጹ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው አቀረቡ፤ መጻሕፍቱን ለዓመታት ሳነብ ስለቆየሁ የመመለሱ ዕጣ ለእኔ ወጣ።

መምህር፣ «ጾታ ቀያሪ» የሚል ቃል እያለን «ትራንስጀንደር» ማለት ለምን አስፈለገ?

ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ራሷን ግን ሴት አድርጋ የምታውቅ ሰው ማለቴ ነው። «ቀያሪ» የሚለው ቃል ሰዎቹ ከጻፉት ጋር አይገጥምም። እንግሊዛዊ ተብላ ያደገችው፣ ኋላ ግን ራሷን ዌልሳዊት ያደረገችው ጋዜጠኛ ጃን ሞሪስ በ1974 (ዘመኖቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ባሳተመችው ግለ ታሪክ መጀመሪያ ላይ፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመቷ እናቷ ፒያኖ ስትጫወት ከሥሩ ተቀምጣ ሴት መሆን እንደነበረባት እንደተረዳች ትነግረናለች። ለእርሷ በኋላ የመጣው ነገር ለውጥ ሳይሆን መገለጥ ነበር።

ሊሊ ኤልበ መጽሐፏን ራሷ ጽፋዋለች?

በከፊል ብቻ። ሊሊ ዴንማርካዊት ሠዓሊ ነበረች፤ ከተከታታይ ቀዶ ጥገናዎች የመጨረሻው ካስከተለው ችግር በኋላ በ1931 ድሬስደን ውስጥ አረፈች። መጽሐፉ በዚያው ዓመት በዴንማርክ ቋንቋ የወጣው ከሞተች በኋላ ሲሆን፣ ደብዳቤዎቿንና ማስታወሻዎቿን አሰናድቶ ያቀረበው በብዕር ስም የተሸሸገ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ነው። ስለዚህ የእርሷን ድምፅ ከአሰናጁ ድምፅ እየለየን ማንበብ አለብን፤ ገድል የጻፈውን ደቀ መዝሙር ከጻድቁ ለይተን እንደምናነብ ማለት ነው።

ሁሉም የሚተርኩት ስለ ቀዶ ጥገና አይደለምን?

ጋዜጦቹ እንጂ መጻሕፍቱ አይደሉም። በአሜሪካ ጦር ያገለገለችው ክሪስቲን ዮርገንሰን ዴንማርክ የተደረገላት ሕክምና በታኅሣሥ 1952 የጋዜጣ ፊት ገጽ ሆነ፤ ሆኖም በ1959 ለማግባት ስትጠይቅ የልደት ወረቀቷ ወንድ ስለሚል ፈቃድ ተከለከለች። ሞሪስም በ1972 ለቀዶ ጥገና ሞሮኮ ውስጥ ወዳለችው ካዛብላንካ የሄደችው የአገሯ ሐኪሞች አስቀድማ እንድትፋታ ስለጠየቋት ነው። ከባለቤቷ ከኤልሳቤጥ ጋር ኋላ በሕግ ቢፋቱም ኑሯቸውን አልለያዩም፤ በ2008 ደግሞ በሕጋዊ ጥምረት ተመዘገቡ። ወረቀት ሰውን ምን ያህል እንደሚያስር የሚያሳዩት እነዚህ ገጾች ናቸው፤ እኔ ከቀዶ ጥገናው ይልቅ የማነባቸውም እነርሱን ነው።

በአማርኛ ስናወራ «እሱ» እንበል ወይስ «እሷ»?

ከዛሬው ሁሉ የወደድሁት ጥያቄ ይህ ነው። አማርኛ ያለ ጾታ ለመናገር አስቸጋሪ ነው፤ ግሡ ራሱ «ሄደ» ወይም «ሄደች» ብሎ ይወስናል። «እኔ» ግን ጾታ የለውም፦ ተወለድሁ፣ አደግሁ፣ ፈራሁ፣ ተናገርሁ። አንዲት ትራንስጀንደር ሴት ግለ ታሪኳን በአማርኛ ብትጽፍ፣ ሌላ ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ እስኪጠራት ድረስ ከግሦቿ ጾታዋን አንለይም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከጠሪው አፍ ነው። እኛ ጎንደሮች «አንቱ» ስለምንል ማምለጫ አለን፤ «እሳቸው»ም ወንድና ሴት አይለይም። እኔ ግን አክብሮትን መደበቂያ ማድረግ አልወድም፤ ጸሐፊዋ ራሷን ሴት ካለች፣ የልጅነት ዘመኗን ስተርክም «እሷ» እላለሁ።

ይህ የአእምሮ ሕመም ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

አንድ ብቻ ባነብ የትኛውን ይመርጡልኛል?

በ2010 በእንግሊዝኛ ትርጉም የወጣውን፣ በታሚልኛ የጻፈችውን የሕንዷን የኤ. ሬቫቲን ሕይወት። በገጠር ተወልዳ፣ በወንድሟ ተደብድባ፣ ከቤት ሸሽታ የሂጅራዎችን፣ ማለትም ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት በአንድነት የሚኖሩትን ማኅበረሰብ ተቀላቀለች፤ በዚያም ጉሩዋ፣ ማለትም የምትመራት ታላቋ፣ እንደ እናት ሆነችላት። የምዕራባውያኑ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው የልብ ክርክር ናቸው። ሬቫቲ ግን ሸሽታ የወጣችበትን ቤት ደግማ ደግማ ታንኳኳለች፤ ዘመድ መተው ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች በቀላሉ ትገባናለች።

እንዲህ ያለች ልጅ አውቃለሁ፤ መጽሐፉን ልስጣት?

አስቀድመህ ምስጢሯን ለማንም አትንገር፤ በእኛ ከተማ ወሬ ከሰው ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ «ይህን አነበብሁ» ብለህ ስለ መጽሐፉ ብቻ አጫውታት። ከፈለገች ራሷ ትጠይቅሃለች።