«ማን ሞተ?» ይሉኛል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 26 ነው። ሽሮ ሜዳ፣ የሀበሻ ልብስ በሚሰፋበት ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። አምስት ነን። ሁለት ልጆች መኪና ላይ ይሰፋሉ፤ ሦስታችን ጥልፍ ላይ ነን። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ስፒከር አለች። በዘፈን ጠብ እንዳይነሳ ብለን ቀን ተከፋፍለናል። የኔ ተራ ሐሙስ ነው።

እኔ ሐሙስ የበገና ዜማ እከፍታለሁ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገና ድምፁ ሲወጣ «ማን ሞተ?» ይላሉ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብስና ደረቷን ትመታለች። ሌላዋ «ዝንብ ገባ» እያለች በእጇ ታባርራለች። መኪና ላይ ያለው ልጅ ደግሞ «እማሆይ» የሚል ስም አወጣልኝ። መጀመሪያ ላይ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ባለፈው ግን የሠርግ ልብስ ልታዝ የመጣች ደንበኛ ፊት «ጥልፉን የምትሠራልሽ እማሆይ ናት፤ ልትመንን ትንሽ ነው የቀራት» አለ። ሴትየዋ ሳቀች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

መንፈሳዊ ነኝ ብዬ አይደለም። እሁድ እንኳ ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን አልስምም። በገናን የወደድኩት ከግድግዳ ማዶ ሰምቼ ነው። በተከራየሁበት ግቢ ከኔ ክፍል ቀጥሎ አንድ ተማሪ ይኖር ነበር። ማታ ማታ በገና ይለማመዳል። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ድምፁ በአልጋዬ ራስጌ በኩል ይገባል። ያን ሰሞን በቤተሰብ ነገር እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እሱን እየሰማሁ መተኛት ጀመርኩ። ልጁ ክፍሉን ሲለቅ አለቀስኩ። መልኩን እንኳ በደንብ አላውቀውም፤ ያለቀስኩት ለድምፁ ነው።

አሁን ስሰማው አላዝንም። እጄ ይረጋል። የሐሙስ ጥልፌ ከሌላው ቀን የተስተካከለ መሆኑን አሠሪያችን ራሷ ነግራኛለች።

ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ በኩል መጣችብኝ። «በገና የጸሎት ነው። አንቺ የሥራ ማድመቂያ አደረግሽው፤ ድፍረት ነው» አለችኝ። ሱቅ ውስጥ መነኩሲት ነኝ፣ ጓደኛዬ ጋ ደፋር ሆንኩ። ኢርፎን አድርጌ ልስማ? ተራዬ ሆኖ ለምን እደበቃለሁ እላለሁ። ግን ደክሞኛል። ምን ይመክሩኛል?

የሐሙሷ ልጅ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ

ልጄ፣ ከደንበኛዋ ልጀምር። ሌላውን ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ይሄ ግን አይታለፍም። ደንበኛ ፊት ስም ሲያወጣልሽ የነካው እንጀራሽን ነው። ሴትየዋ ልብሷን አምና የምትሰጠው ለእጅሽ ነው። በመሳቂያ አስተዋውቆሽ ሲያበቃ እጅሽን እንዴት ትመን?

ልጁን ለብቻው አግኚው። ሻይ ልትጠጡ ስትወጡ ይሁን። ሰው ፊት ከነገርሽው ሰው ፊት ይመልስልሻል፤ ያኔ ጨዋታው ይደምቃል። አጭር አድርጊው፦ «እኛ ለእኛ ስንሆን የፈለግከውን በለኝ። ደንበኛ ፊት ግን በስሜ ጥራኝ።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አትጨምሪ። ስለ በገና አትከራከሪው። ተነግሮት ከደገመ ለአሠሪያችሁ ንገሪያት። ሥራዋንም የሚነካ ነገር ነው፣ ትሰማሻለች።

ኢርፎን ወዳልሽው ልምጣ። እሱ ላይ የራሴ ታሪክ አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ አጎቴ አንድ ካሴት ሰጠኝ። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነበር። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። ጀግናው በጉሮሮው የሚለውን እሱ በሳክስፎን ይለዋል። ትንፋሹ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ እንደገና ይለሰልሳል። እኔ ስሰማው አያቴ ክረምት ላይ እሳት ዳር ቆመው ሲፎክሩ ይታየኝ ነበር።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ካሴቱን ስከፍተው አንዷ ትንሽ ጠበቀችና «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴፑን በነካሁ ቁጥር «ዘፋኙ መጣ?» ሆነ። ምግብ ቤት ስንሰለፍ እንኳ ከኋላዬ ሆነው «ዘፋኙ መጣ?» ይሉኛል። ሦስት ሳምንት ቻልኩት። ከዚያ ካሴቱን በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ሥር ከተትኩት። እነሱ የሚወዱትን ዘፈን ግጥሙን አጥንቼ አብሬ መዝፈን ጀመርኩ። ዘፈኑ መጥፎ አልነበረም። የኔ ግን አልነበረም።

እስክመረቅ ድረስ አላወጣሁትም። ባወጣሁት ቀን ክሩ ተጣብቆ ቴፑ በላው። ቀስ ብዬ ሳብኩት። ቀዳዳው ውስጥ እስክሪብቶ ከትቼ ላጠነጥነው ሞከርኩ። እጄ ላይ ተበጠሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ጌታቸው ነው። ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፐንክ ሙዚቀኞች ጋር መድረክ ላይ ቆሟል። በፈረንጆች 2006 አብረው አልበም አውጥተዋል፤ እሱ ያኔ 70 ዓመት አልፎታል። ጊታር የያዙት ፈረንጆች እሱ ወደሄደበት ይከተሉታል። ሽለላው ያው ሽለላ ነው። አለቀስኩ። ፈረንጅ ስላጨበጨበለት ትክክል ነበርኩ ልልሽ አይደለም። ማንም ባያጨበጭብለትም ትክክል ነበርኩ። ያስለቀሰኝ ያን ሁሉ ዓመት ሳልሰማው መኖሬ ነው። በ2008 ዓ.ም. አረፈ። አንድ ቀን እንኳ በአካል ሲጫወት ሳልሰማው ቀረሁ። የሚኖረው እኮ እዚሁ አዲስ አበባ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ተደበቂ አልልሽም። ኢርፎኑን ለታክሲ አስቀምጪው።

ግን ባልደረቦችሽ «ማን ሞተ?» የሚሉት ለምን ይመስልሻል? ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ከተሜው በገናን በብዛት የሚሰማው በዐቢይ ጾም ነው። በ55ቱ ቀን ዘፈን ዝም ሲል በገና ይወጣል። ግጥሙም ስለ ሞት፣ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ እመቤታችን አማላጅነት ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሬዲዮ ጠፍቶ ነበር። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረው የበገና ትምህርትም ያኔ ተቋርጧል። እናቶቻችሁ በወጣትነታቸው እንደልብ ያልሰሙት ድምፅ ነው። እናት ያልለመደችውን ልጅ ከየት ይለምደዋል? ጓደኞችሽ ጆሮ ውስጥ በገና ማለት ጾምና ልቅሶ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሥራ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልቅሶ ቤት ትዝ ሲለው ሰው ይደነግጣል። ድንጋጤውን በሳቅ ይሸፍነዋል። ነጠላዋን የምታዘቀዝቀውን ልጅ በዚህ ዓይን እያት። ምናልባት ከአንድ ሰው ቀብር ጋር የተያያዘባት ነገር ይኖር ይሆናል። አንድ ቀን ለብቻችሁ ስትሆኑ «አንቺ መጀመሪያ የት ነው የሰማሽው?» ብለሽ ጠይቂያት።

«ዝንብ ገባ» ያለችው ደግሞ፣ አትቀየሚኝና፣ ጆሮዋ ጥሩ ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተገመዱ ናቸው። ታች፣ አውታሮቹ የሚያርፉበት እንጨት ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዚራ ትባላለች። ያ እዝዝ የሚለው ድምፅ የሚወጣው አውታሩ እሷን እየነካ ሲርገበገብ ነው። ቆዳዋ ትንሽ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ካለች ድምፁ ይሞታል። ደርዳሪው አንድ ነገር ከመጫወቱ በፊት ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያስተካክላል። ጣቱ የምትንቀሳቀሰው አንቺ ክር ስትቆጥሪ እንደምትንቀሳቀሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፣ ደግሞም ዝግ ያለ ነው። እንደናንተ ያለች ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አታወጣውም፤ የምታሰማው እዝዝታውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሁለት የስፌት መኪና ይጮኻል። እንግዲህ እነሱ የሚሰሙትና አንቺ በጭቃ ግድግዳ በኩል ትሰሚው የነበረው አንድ አይደለም። አንቺ የጎደለውን በልብሽ ትሞይዋለሽ። እነሱ ከየት ያምጡት?

ስለዚህ ሰዓቱን ቀይሪው። ምሳ ሰዓት መኪናዎቹ ሲቆሙ ክፈቺው። ስፒከሯን ባዶ የእንጨት ሣጥን ላይ አድርጊያት፣ ድምፁን ትንሽ ያወፍረዋል። የቀረውን ሰዓት ሌላ የምትወጂውን ነገር አሰሚያቸው። ቀኑ ያንቺ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ግን በገና ብቻ መክፈት ላልለመደ ሰው ይከብዳል። ይህን የምልሽ እነሱ ስለሳቁ አይደለም፤ ክፍሉ የአምስታችሁ ስለሆነ ነው።

ደግሞ አሳዪያቸው። የምታወሪው ከእጅ ባለሙያዎች ጋር ነው። የእጅ ባለሙያ በክርክር አይረታም፣ ሥራ ሲያይ ግን ዝም ይላል። ስልክሽ ላይ በገና የሚሠራ ወይም የሚቃኝ ሰው ቪዲዮ ፈልጊ። ቆዳዋን ሲያስገባ፣ አውታሩን ሲወጥር ያለውን ቦታ አቁመሽ አሳዪያቸው። ከናንተ በላይ፣ እንጦጦ ላይ፣ ታዋቂው በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ በገናን የተማረው ገና ልጅ ሳለ መሆኑንም ንገሪያቸው። ጎረቤት ሆነው ከመጡ አንድ መምህር ነው የተማረው። ያ ልጅ ኋላ በያሬድ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ በገናውንም ይዞ ብዙ አገር ዞረ። እሱም እንዳንቺ ከጎረቤት ነው የሰማው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ጓደኛሽ ያለችውን በቀላሉ አላየውም። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ልብሽ ካልረጋ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። የማውቀውን ልንገርሽ። በገና ከቅዳሴው ወይም ከማሕሌቱ ጋር የሚቆም መሣሪያ አይደለም፤ ለእዚያ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አሉ። በገና የቤት ነው። በድሮ ጊዜ መኳንንቱም ወይዛዝርቱም በየእልፍኛቸው ይደረድሩት ነበር። እጅሽ ጥልፍ ላይ ሆኖ ጆሮሽ እሱ ላይ ቢሆን ድፍረቱ አይታየኝም። ከወሬ በታች ከሆነ ግን ጓደኛሽ እውነት አላት። ክፍሉ ሐሜት ሲጀምር ዝጊው። ግጥሙ ስለ ሞት የሚናገር ነገር ነው፤ ሰው እየታማበት አይከፈትም።

እጄ ይረጋል ያልሽውን ወድጄዋለሁ። በገና ውስጥ ጣት የሚሄድበት መንገድ ደግሞ ደጋግሞ ይመላለሳል። ድምፁም አይቸኩልም። ጥልፍሽ ቢስተካከል አይገርምም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በገና የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ፤ ሴቶችም ይማራሉ። የማትሠሪበት ቀን አንዱ ጋ ሂጂ። ገንዘብ አትክፈይ፣ አትመዝገቢ። ለመንካት ብቻ ፈቃድ ጠይቂ። ቆዳዋን ለማስገባት መርፌ የለመደ ጣት ሳይሻል አይቀርም። የትኛው አውታር ላይ እንደጀመርሽና እዝዝ እስኪል ስንት ጊዜ እንደሞከርሽ ጻፊልኝ።