ጆሮዬን ከላይ ተበስቻለሁ፤ መቁረብ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የ21 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጆሮዬን «ኢንዱስትሪያል» የሚባለውን ተበሳሁ። ከላይ ሁለት ቦታ ይበሳና አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ያልፍበታል። እናቴ ስታየው አለቀሰች። «ሥጋሽን አቆሰልሽ፣ ኃጢአት ነው» ብላ ከዚያ ወዲህ በቅጡ አታናግረኝም። ጓደኛዬም በኦሪት ተከልክሏል አለችኝ። ጆሮዬ አሁንም አብጧል፤ ይቆጠቁጠኛል። ኃጢአት ሠርቻለሁ? መቁረብስ እችላለሁ? ጠበል ብጠመቅ ይሻለኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እንዲህ ያለውን ነገር በሆዳቸው ይዘው፣ ቀስ በቀስ ከቤተ ክርስቲያን የቀሩ ልጆች አውቃለሁ።

ከጓደኛሽ ልጀምር። ያለችሽ ጥቅስ ዘሌዋውያን 19፥28 ይመስለኛል። እስኪ ሙሉውን አንብቡት። ስለ ሞተ ሰው ብላችሁ ሥጋችሁን አትንጩ ነው የሚለው። አሕዛብ ለሙታናቸው ሲያለቅሱ ገላቸውን ይቆርጡ ነበር። እስራኤል በዚያ አምልኮ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ንቅሳትም እዚያው ተነሥቷል፤ እሱን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። የጆሮ ጌጥ ግን እዚያ የለም።

የጆሮ ጌጥ ያለው ዘጸአት ላይ ነው። ምዕራፍ 32ን ክፈቺ። ሕዝቡ ጉትቻቸውን አውልቀው ለአሮን ሰጡ፤ ከእሱም የጥጃ ጣዖት ተሠራ። ከዚያ ምዕራፍ 35ን ክፈቺ። ያው ሕዝብ ጉትቻውን ለእግዚአብሔር ድንኳን መሥሪያ አመጣ፤ ተቀበሉትም። ወርቁ ያው ወርቅ ነው። የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ነው።

ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ ሳነበው ሁልጊዜ የሚነካኝ ነገር አለ። ዕብራዊ ባሪያ 6 ዓመት ያገለግላል፤ በ7ኛው ነጻ ይወጣል። «ጌታዬን እወድደዋለሁ፣ አልወጣም» ካለ ግን ጌታው ወደ በሩ መቃን ያቀርበውና ጆሮውን በወስፌ ይበሳዋል። ከዚያ በኋላ ያንን ጆሮ ያየ ሁሉ ሰውየው የማን እንደሆነ ያውቃል። ወዶ እንደቀረም ያውቃል። መበሳት በራሱ ርኩሰት ቢሆን ኖሮ በዚህ ሕግ ውስጥ ባልገባ ነበር።

እንግዲያው ነገሩ አለቀ ማለቴ ግን አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ስለ ሴቶች ጌጥ ሲናገር፣ ከውጪው ይልቅ የተሰወረውን የልብ ሰው አስውቡ ይላል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ መልሺ። ስትበሺ ምን ፈልገሽ ነበር? ማማር ከሆነ፣ በሕፃንነትሽ ጆሮሽን ያስበሳችሽ እናትሽ ራሷ ሳትሆን አትቀርም። እሷም እንድታምሪ ብላ ነው። «ማንም አያዘኝም» ለማለት ከሆነ ግን ያንን እልህ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳሳሰበኝ ልምጣ። አብጧል፣ ይቆጠቁጠኛል ያልሽው።

አያቴ የእኅቴን ጆሮ ስትበሳ አጠገቧ ነበርኩ። መርፌውን በእሳት ለበለበችው። ክር አሳልፋ ቋጠረችው። ከዚያ በየጠዋቱ ክሩን ቅቤ እየቀባች ወዲያ ወዲህ ትስበው ነበር። በሁለት ወር ዳነ። ያ ግን የታችኛው የጆሮ ጫፍ ነው። ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ደም በደንብ ይዞርበታል። አንቺ የተበሳሽው ጠንካራውን፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉትን ነው። እሱ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ለመዳን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጅበታል። ከመረቀዘ ደግሞ መድኃኒቱ በቀላሉ አይደርስለትም፤ የጆሮ ቅርጽ ተጨማዶ ሊቀር ይችላል። ዘንጉ ሁለቱን ቀዳዳ አንድ ላይ ስለያዘ፣ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይቆስላል።

እና የአያቴ ቅቤ ለዚህ አይሆንም። ዘንጉን ማሽከርከርም ይቅር። ከፋርማሲ 0.9 በመቶ ጨው ያለበትን ውሃ፣ ኖርማል ሳላይን የሚባለውን ግዢ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ ንጹሕ ጎዝ አርሰሽ ያዢበት። የደረቀው ቅርፊት ሲለሰልስ በቀስታ ጥረጊው። በጥፍርሽ አትላጪው። ከዚያ በደረቅ ጎዝ አድርቂው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አታድርጊበት፤ ለመዳን የሚታገለውን አዲስ ሥጋ ያቃጥሉታል። በዚያ ጎን አትተኚ። ዘንጉ ከምን እንደተሠራም ጠይቂ። ኒኬል ያለበት ብረት ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣል፤ ቲታኒየም ይሻላል።

ነጠላሽንም ጠንቀቅ በይ። ለስግደት ጎንበስ ብለሽ ስትነሺ ክሩ የዘንጉ ጫፍ ላይ ይያዛል። አንዲት ዘማሪ እንዲህ ሆና፣ በቅዳሴ መሐል ደሟ በአንገቷ ወርዶ ነጭ ነጠላዋን ሲነካው አይቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ትንሽ ማበጥና መቆጥቆጥ ያለ ነው። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ጆሮሽ ከተኮሰ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ካወጣ፣ ወይም ትኩሳት ከተሰማሽ ግን ለነገ አትበይ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ። ዘንጉን በራስሽ አታውልቂው። ቀዳዳው ተደፍኖ መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። በቤተሰብሽ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚያብጥበት፣ ኬሎይድ የሚወጣበት ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሪ። የተበሳሽበት መርፌ አዲስ መሆኑን በዓይንሽ ካላየሽም የሄፓታይተስ ቢ እና የኤችአይቪ ምርመራ አድርጊ። በዚህ አትፍሪ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ቁርባንን በተመለከተ፣ መበሳትሽ አይከለክልሽም። ቁስሉ እየደማ ወይም እየመገለ ከሆነ ግን እስኪደርቅ ታገሺ። ከቆረብን በኋላ ከሰውነታችን ደም እንዳይወጣ የምንጠነቀቀው ለተቀበልነው ሥጋ ወደሙ ክብር ብለን ነው። ያንቺ ጆሮ ደግሞ ትራስ ሲነካው እንኳ ሊደማ ይችላል። ለንስሐ አባትሽ ሁሉንም ንገሪያቸው፤ ጆሮሽንም አሳዪያቸው። ቀኑን እሳቸው ይቁረጡልሽ። ሐኪም መድኃኒት አዝዞልሽ ሰዓቱ ከጾም ጋር ከተጋጨም እሳቸውን አማክሪ እንጂ መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ።

ጠበሉን ጠጪ። እምነቱንም ግንባርሽን ተቀቢ፤ ክፍት ቁስል ላይ ግን አትነስንሺው። መጠመቁን እስኪድን ብታቆዪው እመክርሻለሁ። ብዙ ጠበል ቦታ ጌጥ አውልቁ ይባላል። አዲስ የተበሳ ጆሮ ደግሞ ዘንጉ ሲወጣለት በሰዓታት ውስጥ ሊጠብ ይችላል፤ መልሶ ማስገባቱ ሌላ ቁስል ነው። ይህን ማሰብ እምነት ማጉደል አይደለም። ጠጥተሽ የምትባረኪውም በዚያው ጠበል ነው።

የቀረችው እናትሽ ናት። እናት ልጇ ላይ ቁስል ስታይ ትደነግጣለች። ከሌላ ሰው እኩል ማየቷ ደግሞ የበለጠ ሳያማት አልቀረም። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በይና «እማዬ፣ ሳልነግርሽ በማድረጌ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» በያት። በኃጢአቱ ጉዳይ አትከራከሪያት፤ ይህን መልስ ካስፈለገ ሌላ ቀን ታነብቢላታለሽ። ከዚያ ጎዙንና ሳላይኑን ስጫት። የጆሮሽን ጀርባ በመስታወት አታዪውም፤ የኋላውን እሷ ትጥረግልሽ። ሐኪም ቤትም አብራችሁ ሂዱ፤ ምን እንዳሏችሁ ጻፊልኝ።