ከደሞዝ ከሚቆረጠው 100 ብር እስከ እምቦጭ ነቀላ፦ የሀዋሳ ሠራተኞች የጠየቁን

ክረምት ሲቃረብ በሀዋሳ መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ የቅዳሜ ዘመቻ ይጠራል። በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን እንመልሳለን። የጠያቂዎቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ፋብሪካ «ለተቸገሩ ወገኖች» ተብሎ ካለፈው ወር ጀምሮ ከእያንዳንዳችን ደሞዝ 100 ብር እየተቆረጠ ነው። መርዳቱን አልጠላሁም፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም። እምቢ ብል ክፉ እባላለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ሕጉ ምን ይላል?
(የልብስ ስፌት ሠራተኛ)

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተዋዋለው)፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድለት፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በስብሰባ የተጨበጨበለት ሐሳብ የጽሑፍ ስምምነት አይደለም፤ ዝምታም አይደለም። ከተስማሙ በኋላም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝዎ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም።

መጀመሪያ የኅብረት ስምምነቱንና የሥራ ደንቡን ጠይቀው ያንብቡ። ስለ እንዲህ ያለ መዋጮ የሚናገር አንቀጽ ካላገኙ ለሰው ኃይል ክፍል አጭር ማመልከቻ ይጻፉ፦ «ለዚህ ተቀናሽ የጽሑፍ ስምምነት አልሰጠሁም፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዲቆምልኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ኮፒ ያድርጉት፤ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምበት፣ ቀኑንም ይጻፍበት። እርስዎ ክፉ አይደሉም። ሳይጠየቅ የተወሰደ ገንዘብ ስጦታ አይባልም።

ይህን የምታነቡ የኮሚቴ አባላት ካላችሁ፣ መፍትሔው ግማሽ ገጽ ቅጽ ነው። ሠራተኛው የብሩን መጠን ራሱ ይሙላው፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሚቆረጥ ይጻፍ፣ «በፈለግሁ ጊዜ በጽሑፍ ማቆም እችላለሁ» የሚል መስመር ይኑረው። የጽዳት ሠራተኛዋና ሥራ አስኪያጁ እኩል 100 ብር ሲቆረጥባቸው እኩል ሰጡ ማለት አይደለምና መጠኑን አትወስኑ። የገንዘብ አያያዙን ከእድር ውሰዱት፦ የሚጽፈው ሌላ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ፣ የሚያዝዘው ሌላ። ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ የገባውና የወጣው በየወሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሰጪዎች ስም ዝርዝር ግን አይለጠፍ። ስሙን ያላየ ሠራተኛ በሚቀጥለው ወር የሚፈርመው በእፍረት ነው።

ጥያቄ፦ 25 ሆነን በሐምሌ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት የጭቃ ቤት ልናድስ ነው። ቤቱ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ከታች ተቦርቡሯል። ስንት ቆርቆሮ እንግዛ? ምን እንጠንቀቅ?
(የባንክ ሠራተኛ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቆርቆሮ ከመቁጠራችሁ በፊት ቤቱ የማን እንደሆነ እወቁ። መጠየቁ ነውር መስሏቸው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ መዘዙ የሚተርፈው ግን ለእናቲቱ ነው። ቤቱ ከግለሰብ የተከራዩት ከሆነ፣ አከራዩ በታደሰ ማግስት ኪራይ ሊጨምርባቸው ወይም ሊያስለቅቃቸው ይችላል። ቢያንስ ለ2 ዓመት ይህን እንደማያደርግ በምስክር ፊት ካልፈረመ፣ የእድሳቱን ገንዘብ ለኪራያቸው ብትከፍሉላቸው ይሻላል። የቀበሌ ቤት ከሆነ የቀበሌውን የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። የራሳቸው ከሆነ ደግሞ ልጆቻቸውን ወይም ቅርብ ዘመዶቻቸውን አብራችሁ አነጋግሩ።

ቀጥሎ ቋሚዎቹን ፈትሹ። እያንዳንዱን ቋሚ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቢላ ጫፍ ውጉት። ቢላው በቀላሉ ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል፤ እንዲህ ባለ ቋሚ ላይ አዲስ ጣሪያ መጫን አደጋ ነው። የሚተካው አጠና የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመምና ማገሩንም ጣሪያውንም ይስባል። ወደ መሬት የሚገባው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። ጣሪያው ሁለት ክንፍ ያለው ከሆነና በዙሪያው የ50 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ከተውን፣ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ የአንዱ ክንፍ ቁልቁለት ደግሞ 2.70 ሜትር ገደማ ይሆናል። ክፈፉን ለቁጠባ ብላችሁ አታሳጥሩት፤ የግድግዳው እግር የተቦረቦረው ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ እየረጨው ሊሆን ይችላል። 2 ሜትር የሚረዝም ቆርቆሮ ጎን ለጎን ሲደራረብ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በአንድ ክንፍ 8 ረድፍ፣ በሁለቱ 16 ረድፍ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ቆርቆሮ በ20 ሴንቲ ሜትር ተደራርበው 2.80 ሜትር ይሆናሉ። ድምሩ 24 ነው፤ ለብልሽት 2 ጨምራችሁ 26 ግዙ። የቆርቆሮ ወርድ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሱቁ ውስጥ ሜትር አውጥታችሁ ለኩ። የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፦ 35 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ሲረገጥ ይጎብጣል፣ ነፋስም ያነሣዋል፤ 32 ወይም 30 ጌጅ ፈልጉ። ለጣሪያው አናት መሸፈኛ ባለ 2 ሜትሩን 4 ያዙ፤ 3 ከሆነ በመደራረቡ ምክንያት ይጎድላል። ባለ ቆብ ሚስማር ለአንድ ቆርቆሮ እስከ 10 ስለሚፈጅ 250 ያህል ይበቃል። ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ በዓመቱ ያፈሳል። አሮጌውን ቆርቆሮ ለጓዳ ወይም ለአጥር አውሉት እንጂ ጣሪያ ላይ አትመልሱት፤ የቀድሞ ቀዳዳዎቹ ከአዲሱ ማገር ጋር አይገጥሙም።

በሐምሌ ጣሪያ ሥሩ፣ ምርጊት ግን አትጀምሩ። በክረምት ዘመቻ ከሚጠፋው ድካም ብዙው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የጭቃው የመጀመሪያ ልባስ ደርቆ መሰንጠቅ አለበት፤ ሁለተኛው የሚለሰነው ስንጥቁን እንዲሞላ ነው። በእርጥበት ወር የመጀመሪያው ሳይደርቅ ይሰነብትና በክብደቱ ተገንጥሎ ይወርዳል። በሐምሌ ለተቦረቦረው ቦታ ድንጋይ ደግፉለት፣ በቤቱ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የውኃ መውረጃ ቆፍሩ፤ ምርጊቱ ለጥቅምት ይቆይ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ከ1 እስከ 2 ሳምንት እየተረገጠ ይሰንብት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልባስ መካከል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይለፍ።

25 ሰው ለአንድ ቀን ይበዛል። ጣሪያ ላይ የሚወጡት ተከፋይ አናጺና ረዳቱ ይሁኑ፤ ከታች 6 ሰው ይበቃል፤ የቀራችሁት ለጥቅምቱ ጭቃ ተመደቡ። አናጺውን ከዚያው ሰፈር ቅጠሩ፤ የቀን ገቢ ማግኘቱ ራሱ እርዳታ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሩ፤ አንዱን ክንፍ ሳትዘጉ ሌላውን አትክፈቱ፤ ሸራ አዘጋጁ። እኚህ እናት ይህን ያህል ሰው ግቢያቸው ገብቶ ቡና ሳያፈሉ አይቀመጡምና ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ዳቦውንና ከሰሉን ይዛችሁ ሂዱ።

ሰው ቢጎዳስ? ሠራተኛ የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም የደረሰበት ጉዳት ከሥራ ቦታና ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆንም በሕጉ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። «በፈቃዱ ነው የሄደው» የሚል ክርክር የሚነሣው ግን ከአደጋው በኋላ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት መሥሪያ ቤቱ የተሳታፊዎችን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ዘርዝሮ ያሰማራችሁ መሆኑን በደብዳቤ ይስጣችሁ።

ጥያቄ፦ በዓመት አንድ ጊዜ 90 ሠራተኞች በአንድ ቀን ደም እንለግሳለን። ዘንድሮ ዐርብ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነበር፤ 3 ልጆች ራሳቸውን ሳቱ፣ ሌሎች ፈርተው ተመለሱ። ምን አጠፋን?
(የፋብሪካ ሠራተኞች ተወካይ)

መልስ፦ ቀኑን። ዐርብ ረፋድ ከጾመኞቹ ብዙዎቹ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ደም የሚለግስ ሰው ከ3 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የበላና ግማሽ ሊትር ውኃ የጠጣ መሆን አለበት። ሰኞን፣ ማክሰኞን ወይም ሐሙስን ምረጡ፤ ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን አስቀድማችሁ በቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቡ።

ሁለተኛው ስሕተት ሁሉም በአንድ ቀን መስጠታቸው ነው። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ግን 5 ቀን ብቻ ነው። አንድ ሰው በ3 ወር አንዴ መስጠት ስለሚችል 90ውን በሠላሳ ሠላሳ ከፍላችሁ በየወሩ አንድ ምድብ ብትልኩ ከተማው ዓመቱን ሙሉ ደም ያገኛል፤ የማምረቻ መስመራችሁም አይቆምም። ቀጠሮውን ከሀዋሳ ደም ባንክ ጋር ያዙ።

መስፈርቱ ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ፣ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) በዴሲ ሊትር ከ12.5 ግራም ያላነሰ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትለግስም። ወባ የነበረበት ለባለሙያው ይንገር። በፋብሪካ ውስጥ ክብደታቸው ወይም የደም መጠናቸው የማይበቃ ወጣት ሴቶች ስለሚኖሩ የትኛው ክፍል በለጠ የሚል ውድድር አታድርጉ፤ የተመለሰችውም ለምን እንደተመለሰች በሌሎች ፊት አትጠየቅ። የለገሰ ሠራተኛ በዚያ ቀን ከባድ ዕቃ አያንሣ፣ መሰላልም አይውጣ።

ጥያቄ፦ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው «ፍቅር ሐይቅ» ከሚባለው ቦታ እምቦጭ ልንነቅል አስበናል። 40 ነን። ምን ይዘን እንሂድ?
(የሆቴል ሠራተኞች)

መልስ፦ ከሀዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ያመጣበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ዋጋ አለው፤ ግን ውኃው ውስጥ ሁለት አደጋ አለ።

አንዱ ጉማሬ ነው። ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውኃ ይመለሳል፤ በመንገዱ መቆም አይገባም። ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ በዳር ሣርና በእምቦጭ ሥር ነው የሚኖረው። ትሉ በብዛት የሚወጣው ረፋድ ላይና በቀትር ነው። ስለዚህ የሥራችሁ ሰዓት በሁለቱ መካከል ይውደቅ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። ውኃ ውስጥ የሚገቡት እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቦቲና ረጅም ጓንት ያላቸው ብቻ ይሁኑ፤ 8 ሰው ይበቃል፤ ሌላው ዳር ላይ ይሸከም። ባዶ እግሩን የገባ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመርመር። ወዲያው ቢመረመር አይታይም፤ የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴልም ገና ያላደገውን ትል በደንብ አይገድለውም።

ሲነቅሉ ከሥሩ እንጂ መቆራረጥ የለም፤ ከተቆረጠው ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። ሳያብብ ብትደርሱበት ይሻላል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ዳር ላይ አንጠፍጥፉትና ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ አስጡት፤ ዳር ከተተወ የመጀመሪያው ዝናብ ይመልሰዋል። በተመቸ ሁኔታ በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ስለሚሆን 40 ሰው አንድ ቀን ከሚወጣ 10 ሰው በየ15 ቀኑ ለአራት ጊዜ ቢወጣ ይመረጣል። ዓሣ አስጋሪዎቹን ጀልባ ስትጠይቁ የዕለት ገቢያቸውን ክፈሉ፤ ለእናንተ ዕረፍት የሆነው ቅዳሜ ለእነሱ የገበያ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ለመስከረም ደብተር ሰብስበናል። ለአንድ ትምህርት ቤት ሁሉንም በአንዴ እንስጥ?
(የመንግሥት ሠራተኛ)

መልስ፦ ግማሹን። በመስከረም ብዙ መሥሪያ ቤት ደብተር ይሰጣል፤ በየካቲት ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመርና የልጆቹ ደብተር ሲያልቅ የሚያስታውስ የለም። ቀሪውን ለርእሰ መምህሩ በቆጠራ አስረክባችሁ ቀኑን ቁረጡ። ገንዘብ ከተረፋችሁ ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ሞዴስ ግዙ፦ ለአንዲት ልጅ በወር 1 ፓኬት ቢታሰብ ለ40 ልጆች በ10 ወር 400 ፓኬት ነው። በሰልፍ ላይ አይታደል፤ በሴት መምህርት እጅ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ይቀመጥ፣ ልጅቷ በፈለገች ጊዜ ገብታ ትውሰድ። ስትቀበል ፎቶ አታንሷት። ለሪፖርት ፎቶ ካስፈለጋችሁ ካርቶኑንና የርክክብ ሰነዱን አንሡ።