ጦስኝሽን የገደለው ውሃው ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። ከገበያ ጦስኝ ከነሥሩ ገዝተሽ ባልዲ ውስጥ ተከልሽ። ጠዋትና ማታ አጠጣሽው። በሦስተኛው ሳምንት ከሥሩ ጠቁሮ ደረቀ። «ሐምራዊ አበባውን በረንዳዬ ላይ ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ አዲስ አበባ አይበቅልም ማለት ነው?» ብለሻል።

ይበቅላል። እኔ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ይኸው አራት ዓመቴ። ግን ሁለት ጊዜ ገድዬዋለሁ።

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው። መንዝ ጓሳ ወይም ባሌ ዲንሾ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ረገጥ ስታደርጊው ሽታው ይነሣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ድረስ ይበቅላል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ከፍታ አይከብደውም። የሚከብደው ምቾት ነው። አገሩ ድንጋያማ ተዳፋት፣ ስስ አፈር፣ ንፋስና ፀሐይ ነው። ዝናብ ቢዘንብም ውሃው እዚያ አይቆምም፤ ወርዶ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ቀዳዳ የሌለው ባልዲ ውስጥ ከትተን በፍቅር እናሰጥመዋለን። የመጀመሪያው የሞተብኝ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው የሞተው በክረምት ነው። ባልዲውን በስቼዋለሁ፣ ግን አፈሩ ጥቁር፣ ፍጉም የተትረፈረፈ ነበር። እንደ ጎመን ነው የቀለብኩት! መጀመሪያ ረዘመ፣ ተልፈሰፈሰ፣ ሽታውም ቀነሰ። ሐምሌ ላይ አለቀለት።

አሁን የምጠቀመው አንድ እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቀቅ ያለ ቀይ አሸዋ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ነው። ፍግ የለም። ውሃ የማጠጣው ጣቴን ሰድጄ እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ሲሆንብኝ ብቻ ነው፤ በጋ ላይ በሳምንት አንዴ፣ ሁለቴ ቢሆን ነው። ክረምት ሲገባ ጣራው ሥር አስጠጋዋለሁ። ፀሐይ ግን በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሳሎን ውስጥ አታስቢው።

የገበያውን ተዪው። የተነቀለው ለሻይና ለቅመም ነው። ሥሩ ተበጣጥሷል፣ ፀሐይ ላይም ውሏል። የኔ አንዱም አልጸደቀም። የሚሻለው ካለው ሰው ቁራጭ መውሰድ ነው። ያላበበ፣ የጣት ርዝመት ያለው ጫፍ ቁረጪ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፊና እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክተሽ ጥላ ላይ አስቀምጪው። ከወር በኋላ ቀስ ብለሽ ሳቢው፤ እምቢ ካለሽ ሥር ይዟል። ተክሉ ራሱ አጠገብሽ ካለማ የበለጠ ቀላል መንገድ አለ። አንዱን ቅርንጫፍ መሬት አስተኝተሽ መሐሉን አፈር አልብሺና ጠጠር ጫኚበት። የኔ በሁለት ወር ገደማ ሥር አወጣ። ከዚያ ከእናቱ ቆርጦ መትከል ነው።

ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች ስትገዢ ደግሞ የፈረንጁን ታይም እንዳይሰጡሽ። ዘመዱ ነው፣ ግን አገሩ ሜዲትራኒያን ነው። የኛው በሳይንስ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1800ዎቹ አድዋ ላይ ኖሮ እዚያው ከሞተው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ከሺምፐር ነው። ጦስኙን ሻይ ውስጥ ጨምሮ ይጠጣው እንደሆነ እንጃ።

አበባው? የኔ መጀመሪያ ያበበው በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ካለፈ በኋላ ነው። ደቃቅ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ሐምራዊ ነው። ንቦቹ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እንዴት እንዳገኙት አላውቅም። አበባው ሲያልፍ ሲሶውን ያህል ከርክሚው፤ ግን ቅጠል የሌለው እንጨቱ ድረስ አትውረጂ፣ እዚያ ጋ መልሶ አያቆጠቁጥም። ሦስት ዓመት ሲሞላው መሐሉ ይመለጣል። ያኔ ከራሱ ቁራጭ ወስደሽ ሌላ መጀመር ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን መስመር ብትሄጂና ከሰው ማሳ ዳር ብታገኚው፣ አስፈቅደሽ በመቀስ ጫፍ ጫፉን ብቻ ውሰጂ። ከነሥሩ የሚነቅለው በዝቷል። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ካመጣሽው መንገዱን ይችላል።

ያንን ባልዲ ግን አትጣዪው። በጋለ ሚስማር ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ብሺው።