«መድኃኒት አጠጥቻለሁ፣ ግን ይከሳሉ»፦ ስለ ከብትና በግ ትላትል፣ ቅማልና እከክ የጠየቃችሁኝ

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ትል፣ ስለ ቅማልና ስለ እከክ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል «ምን መድኃኒት ልስጥ?» ብለው ያበቃሉ። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው አለኝ። የት ነው የሚግጡት? ከየት ነው የሚጠጡት? ውሻችሁስ ምን ይበላል? መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

«ፎገራ ነኝ። ሁለት በሬዎቼና አንዲት ላሜ ሣር ጠግበው እየበሉ ይከሳሉ። ላሟ መንጋጋዋ ሥር አብጧል። መስከረም ላይ አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል ክኒን ሰጥቻቸው ነበር። ለምን አልተሻላቸውም?»

አባቴ፣ የነገሩኝ ሁሉ ወደ ጉበት ትል ያመራል። እስኪ እብጠቱን በጣትዎ ጫን ያድርጉት። እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። ከዚያ የላሟን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣትዎ ዝቅ አድርገው ይዩ። ውስጡ ቀላ ማለት ነበረበት። ከነጣ ደሟ አልቋል።

ይህ ትል ያለ ውሃና ያለ ቀንድ አውጣ አይራባም። እንቁላሉ ከእበት ጋር ይወጣል። ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና ረግረግ ዳር ወደምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገባል። እዚያ ተባዝቶ ይወጣና እርጥብ ሣር ላይ ይለጠፋል። ከብቱ ያንን ሣር ሲግጥ ይውጠዋል። ጫጩቱ ትል የጉበቱን ሥጋ እየበሳ ለሳምንታት ይጓዛል፤ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

የእርስዎ ችግር እዚህ ላይ ነው። አልቤንዳዞል ትልልቁን የጉበት ትል እንጂ ጫጩቱን አይገድልም። በክረምቱ ከዋጡት ትል ብዙው መስከረም ላይ ገና ጫጩት ነበር። ስለዚህ ክኒኑ አልነካውም።

አሁን ትሪክላቤንዳዞል ያስፈልጋቸዋል። እሱ ጫጩቱንም ይገድላል። በደጋውና በወይና ደጋው ረግረግ ላለበት አገር ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ጥር ወይም የካቲት ላይ ደግሞ የተረፈውን ትልቅ ትል ለመግደል ይድገሙ። ያኔ ዝናቡ ሲመጣ መስኩ ላይ የሚወድቀው እንቁላል ይቀንሳል። ላሟ የምትታለብ ከሆነ ግን ከመስጠትዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ወተቷ ለቤተሰብ የማይሆንበት ጊዜ አለ።

የክረምቱ ውሃ ከመስኩ ሲሸሽ የሚቀረው ለምለም ሣር ዓይን ይስባል፣ አውቃለሁ። አደገኛው ግን እሱ ነው። ቢችሉ ረግረጉን አጥረው ሣሩን ያጭዱት፤ በደንብ አድርቀው ከከመሩት በኋላ በበጋው ይመግቡት። ገና እርጥበት ያለውን የሩዝ ገለባም ከማሳ አንስተው ወዲያው አይስጡ።

«አንዱን የከብት የትል ክኒን ለሁለት ከፍዬ ለሁለት በግ እሰጣለሁ። ልክ ነኝ?»

አይደለም፤ እባክዎ ይህን ያቁሙ። በየገበያው የሚሸጠው ትልቁ የአልቤንዳዞል ክኒን 2500 ሚሊ ግራም ነው፤ ትንሹ 300 ነው። 25 ኪሎ የምትመዝን በግ በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ቢታሰብላት የሚበቃት 190 ገደማ ነው። የትልቁ ግማሽ 1250 ነው። ከስድስት እጥፍ በላይ ሰጧት ማለት ነው። በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ላይ ያለች በግ ደግሞ አልቤንዳዞል ጨርሶ አይሰጣትም፤ ጽንሱን ይጎዳል።

የተገላቢጦሹም ያሳስበኛል። ርካሽ ነው ብለው ለበሬ አንዷን ትንሽ ክኒን የሚያውጡ አሉ። 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ ያ ከሚያስፈልገው አንድ ስምንተኛው ነው። ትሉ አይሞትም፣ መድኃኒቱን ይለማመዳል። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ መንደሩ ሁሉ ክኒኑ አልሠራም ይላል። ሚዛን ከሌለ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር አለ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ።

ፈሳሹን የትል መድኃኒት ስታጠጡ ደግሞ የበጓን አንገት ሽቅብ አታንጋልሉት፤ ምላሷንም አትጎትቱ። መድኃኒቱ ወደ ሳንባዋ ይገባል። አፏን በጎን ከፍታችሁ ቀስ እያላችሁ አፍሱ፣ እስክትውጥም ጠብቁ።

«መንዝ ነኝ። አንዲት ጠቦት አንገቷን አዙራ በአንድ ወገን ብቻ ትዞራለች፤ ከመንጋውም ተለይታ ትቆማለች። ትል አጠጥቻት ነበር።»

አገሬው አዙሪት የሚለው ነው ብዬ እገምታለሁ። ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። የመጣው ከውሻ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ የሚኖር ኮሶ አለ። እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በጓ ትግጠዋለች፤ እጩ ወደ አንጎሏ ይሄዳል። የምታጠጧት የትል መድኃኒት ይህን ከረጢት አያጠፋውም። ይህን ስል ደስ እያለኝ አይደለም፤ ብር አውጥታችሁ ደጋግማችሁ እንዳታጠጧት ነው። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይያት። የእብድ ውሻ በሽታም እንዲህ ሊያደርጋት ስለሚችል እጃችሁን አፏ ውስጥ እንዳታስገቡ።

ለሌሎቹ በጎች ግን የምታደርጉት አለ። በዓል ሲመጣ በጉ ይታረዳል፣ ጭንቅላቱ ለውሻው ይጣላል። ክበቡ የሚዞረው በዚያች ቅጽበት ነው። ጭንቅላቱን ወይ ቅበሩ ወይ አቃጥሉ። ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጉድጓዱ ጥልቅ ይሁን። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባም እንዲሁ፤ እሱ የሚያመጣው ሌላ የውሻ ትል ሰውንም ይይዛል። ውሻችሁን በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ መድኃኒት ስጡት። ለበግ ከምታወጡት ይህ ይበልጥ ያድናችኋል።

«ወይፈኔ ከምንጭ ከጠጣ በኋላ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል።»

አልቅት ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ሰዓት ውሃ ከልክሉት፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ በገንዳ አቅርቡለት። ሲጠጣ አልቅቱ ብቅ ሲል በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ካልወጣ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

«ሪያድ ነው የምኖረው። ወሎ ላሉት እናቴ 8 በግ ገዝቼላቸው ነበር። በጎቹ ይፋተጋሉ፣ ጠጉራቸው ይረግፋል፣ አንዱ ጆሮው ሥር ቅርፊት ይዟል። ገንዘብ ልላክ፤ ምን ይገዛ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እናትህ ጠጉሩን ለየት አድርገው ቆዳውን በፀሐይ ይዩ። የሚርመሰመስ ካለ ቅማል ነው። ወፍራም ቅርፊት ብቻ ካለ እከክ ነው። ሁለቱም ቆዳውን ያበላሻሉ፤ ቆዳ ፋብሪካዎች «እከክ» የሚሉት ጉድለት ከዚሁ የሚመጣ ነው፣ የቆዳውንም ዋጋ ይጥለዋል።

ለእከክ አይቨርሜክቲን በመርፌ ከቆዳ ሥር ይሰጣል፤ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለ25 ኪሎ በግ ግማሹ። ደም ለሚመጥ ቅማልም ይሠራል። ጠጉርና ቆዳ ለሚያኝከው ቅማል ግን መርጨት ይሻላል፣ ለምሳሌ ዲያዚኖን በልኩ ተበጥብጦ። ለእርሻ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ግን እንዳያስገዙ፤ በጎቹንም እርሳቸውንም ይጎዳል።

ርጭቱን ሰው ይሥራላቸው። ጓንት ያድርግ፣ ነፋሱን ከጀርባው ያድርግ፣ የበጠበጠበት ዕቃም ለምግብ እንዳይውል። የተወጋ በግ ደግሞ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ እንዳይታረድ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተረጭቶ ከቆመ ቅማሉ ይመለሳል፤ የመድኃኒቱ ጉልበት እንቁላሉ ላይ አይደርስም። ከ14 ቀን በኋላ ይደገም። 8ቱም በአንድ ቀን ይረጩ፣ የማይፋተገውም ጭምር። የመጀመሪያው ርጭት ሲያልቅ የሁለተኛውን ርጭት ቀን ስልክህ ላይ መዝግበህ በዚያ ዕለት ጠዋት ደውልላቸው።